አቤት የሚል ሰው

አምና እትዬ ቤት ልትለቅ ዕቃዋን ስትሸክፍ ጠራችኝና የአጎቴን ካፖርት ሰጠችኝ። "እስኪ ልበሰው፣ ከሆነህ ውሰደው" አለችኝ። አልሆነኝም፤ ጋሼ ትከሻው ሰፊ ነበር። ከውስጥ ኪሱ ግን አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሐኪም ማዘዣ ነው። ቀኑ ሐምሌ 1998 ዓ.ም.። የታዘዘው ኦሜፕራዞል፣ የጨጓራ መድኃኒት። የበሽታው ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በዚያ ለማንበብ በሚያታግል የሐኪም ጽሕፈት፣ አንድ ቃል ሰፍሯል፤ "ጋስትራይትስ"።

ጋሼ የሞተው ይህ ወረቀት በተጻፈ በሦስት ሰዓት ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ላፍቶም የዛሬው ላፍቶ አልነበረም። ሕንፃውም ካፌውም እንዲህ አልበዛም፤ ክረምት ሲገባ ታክሲ ዋናው መንገድ ላይ ያራግፈንና ጭቃውን በእግራችን እንገፋዋለን። ጋሼ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ራቱን እንደበላ "ደረቴን አቃጠለኝ" አለ። እትዬ ተልባ በጥብጣ ሰጠችው። እኛ ቤት ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። የእናንተም ቤት ሳይሆን አይቀርም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቀው፤ ግራ ክንዱን ያሻል። አባቴ ሮጦ ጎረቤታችንን ባለ ላዳውን ቀሰቀሰው። ላዳዋ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረች፤ ገፍተው አወጧት።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሆስፒታል ጋር አይደለም። በር ላይ ጥበቃው "ካርድ አውጡ" አለ። ካርድ ክፍል ሰው የለም። እስኪገኝ ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። አባቴ ዛሬም ድረስ የሚያነሳው የልጁን ዓይኖች ነው፤ በእንቅልፍ እጦት ደም መስለው ነበር። የጋሼን ሆድ ጫን ጫን አደረገ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀ፣ "ጨጓራ ነው" አለ። መርፌ ተወጋ፣ ወረቀቱ ተጻፈ። "ካልተሻለው ጠዋት ይመለስ።" ጎህ ሲቀድ ቤት ገቡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ከሁሉም አፍ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ "ቀኑ ደርሶ ነው።"

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። ታሪክ የተማረ ሰው ደግሞ አጉል አመል አለበት፤ አንድ ነገር ሲያመው "መቼ ተጀመረ?" ይላል። ወረቀቱን ካገኘሁ በኋላ የጠየቅኩት ጥያቄ ይኸው ነው። ያ ክፍል፣ ድንገተኛ ክፍል የምንለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ መቼ መጣ? እዚያ ቆሞ የሚቀበለን ሰውስ?

አዲስ አበባ ሆስፒታልን የተዋወቀችው በጦርነት ነው። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም መጣ፤ ከዚያም የሩሲያ ሆስፒታል የሚባለው ለዓመታት ቆየ። ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል ያቋቋሙት በ1902 ዓ.ም. ግድም ነው። በኋላ ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳን ጨመሩ፤ የዛሬው የካቲት 12 ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ጦሩን ሲያከማች ነበር። "አምቡላንስ" የሚለው ቃልም በዚያ ጦርነት ወቅት የሚያመለክተው እንደ ዛሬው አንዲት ነጭ መኪና ሳይሆን ወደ ግንባር የሚዘምት የሕክምና ጓድ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች በቀይ መስቀል ምልክት ሥር የነበሩትን እነዚህን ጓዶች ሳይቀር ደብድበዋል።

ከነፃነት በኋላ ሆስፒታሎች በዙ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጥቁር አንበሳ ሥራ ጀመረ። ሁሉም የአደጋና የድንገተኛ በሽተኛ ይቀበሉ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ቀዶ ሐኪም ነበረ፣ የማኅፀን ሐኪም ነበረ፣ የሕፃናት ሐኪም ነበረ። "የበሩ ሐኪም" ግን አልነበረም። በር ላይ ሕመምተኛውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ልምድ ያለው ነው፤ ኢንተርኑ፣ አዲሱ ምሩቅ፣ የሌሊት ተረኛው። ትልልቆቹ ሐኪሞች ከውስጥ ናቸው፤ እነሱ ጋ የሚደረሰው በሩን ካለፉ በኋላ ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ የመጀመሪያውን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ እነሱም ዘንድ ድንገተኛ ክፍል ማለት ተረኛ የደረሰው የሚቆምበት ክፍል ነበር። እኛ ጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ሥልጠና በጥቁር አንበሳ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2003። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ከሦስት ዓመት በኋላ ወጡ። ምኒልክ ሆስፒታል ከተቋቋመ ጀምሮ ቁጠሩ፤ አንድ መቶ ዓመት። የሆስፒታል ሕንፃ ከነበረን በኋላ በሩ ላይ የሚቆም ስፔሻሊስት እዚሁ ማሠልጠን እስክንጀምር መቶ ዓመት ፈጅቶብናል።

ጋሼ የሞተው ያ ሥልጠና ሊጀመር አራት ዓመት ሲቀረው ነው።

የበሩ ሐኪም ዋና ሥራው መለየት ነው። ዛሬ ሆስፒታል ስትገቡ "ትሪያጅ" የሚባል ቦታ ታያላችሁ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መለየት፣ መምረጥ ማለት ነው። ሐሳቡን ከናፖሊዮን ጦር ጋር የዘመተው ሐኪም ላሬ በጦር ሜዳ ሠራበት፤ ቁስለኛው በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ይታከም አለ። ጄኔራሉ ጣቱን ቢቆረጥና ተራው ወታደር ደሙ ቢፈስ፣ ወታደሩ ይቀድማል። የዛሬው ትሪያጅም ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ ይለያል። ደረቱን አሞት ላብ ያጠመቀው የጎልማሳ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ካርድ አይጠብቅም። የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሳ ይላል። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ልቡ ወረቀት ላይ የምትነበብበት ምርመራ ነው። ጋሼ ኢሲጂ አልተነሳም። የልብ ድካም ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን "የልብ ይሆን?" ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ወረቀቱ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ሐኪሙን መስቀል ይቀላል። እኔም ለዓመታት በልቤ ሰቅዬዋለሁ። ነገር ግን ስህተት እንዴት እንደሚወለድ ማንበብ ስጀምር የዚያ ልጅ ቀይ ዓይኖች እየመጡ አስቸገሩኝ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዟት ማታ ድንገተኛ ክፍል ገባች፤ በማግሥቱ ጠዋት ሞተች። ያዩዋት በሥልጠና ላይ ያሉ ወጣት ሐኪሞች ነበሩ፤ አንዷ ብዙ ሕመምተኞችን ስታዳርስ የምታድር የመጀመሪያ ዓመት ተለማማጅ ነበረች። ልጅቷ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር የማይስማማ መርፌ ተሰጥቷት ነበር። አባቷ ጋዜጠኛ ስለነበር ዝም አላለም። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ1989 የኒውዮርክ ግዛት ሠልጣኝ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ። እስቲ አስቡት፤ 80 ሰዓት የተባለው እንደ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የእኛ ሐኪሞችና ኢንተርኖች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ተቃውሞ ወጡ። በ2017 ግንቦት እንደገና ተነሱ፤ ሥራ ያቆሙ ነበሩ፣ የታሰሩም ነበሩ። ብዙዎቻችን የሰማነው የደመወዙን ጥያቄ ብቻ ነው። የሥራ ሰዓቱ፣ የጓንቱና የመድኃኒቱ እጥረትም ግን አብሮ ነበረ። ሰውዬው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ካልተኛ፣ የምናወራው ስለ እሱ ኪስ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጁ ስለሚገባው የእኛ ሰው ጭምር ነው።

ታዲያ ማንም አይጠየቅ ማለቴ ነው? አይደለም። ሕጉም እንደዚያ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ምሳሌ አድርጎ የሚጠራቸው ሁለት ሙያዎች የትኞቹ ይመስሏችኋል? ሐኪምና ሹፌር።

ይህንን ሳነብ ጋሼ ፊቴ ድቅን አለ። ዕድሜውን ሙሉ በሹፌርነት የኖረ ሰው፣ ሰው ገጭቼ እገባለሁ እያለ ሲሰጋ የኖረ ሰው። አስቡ፤ ጋሼ በአይሱዙው ሰው ቢገድል ኖሮ ትራፊክ ፖሊስ ይመጣ ነበር። በኖራ ያሰምራል፣ በሜትር ይለካል፣ ፕላን ያነሳል፣ ፍሬኑን ይመረምራል፣ ምስክር ይጠይቃል። መንገዱ ጠማማ ከነበረም ይጻፋል። እሱ የሞተ ዕለት ግን የለካ የለም። ስንት ደቂቃ ጠበቀ? ካርድ ክፍል ለምን ባዶ ሆነ? ኢሲጂ ማሽን ነበረ? ከነበረ ወረቀት ነበረው? ሐኪሙ ስንተኛ ሰዓቱ ነበር? ለአንድ የመንገድ አደጋ የምንጠይቀውን ሩቡን እንኳ አልጠየቅንም።

አቤት የሚባልበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። ከ2002ቱ አዋጅ 661 እና ከ2006ቱ ደንብ 299 ወዲህ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባል አለ፤ ቤተሰብም ፖሊስም ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ወደዚያ ይወስዳል። ኮሚቴው የሚያየው ግን በዋናነት ካርዱን ነው። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም፤ ያልተደረገ ነገርም አልተጠየቀም። ክሱ ደግሞ አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል። መዘግየቱ፣ ባዶው ወንበር፣ የተበላሸው ማሽን በስም አይከሰሱም። ሌላው መንገድ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ የአንዱን ሐኪም ፎቶ ለጥፎ "ገዳይ" ማለት። ይህንን ያየ ሐኪም በሚቀጥለው ስህተቱ ምን ያደርጋል? ይደብቃል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ የእኛ ሰዎች። ተረቱን ሁሌ ለሕመምተኛ ነው የምንተርተው። ለሆስፒታልም ይሠራል።

ቦስተን ውስጥ ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ "እያንዳንዱን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው እንከታተል፣ ካልዳነ ለምን እንዳልዳነ እንጻፍ" አለ። የሙያ ጓደኞቹ አበደ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ የገዛ ስህተቱን መቁጠር ጀመረ። ከ337 ሕሙማን 123 ስህተት መዘገበና አሳተመው። ሲሞት መቃብሩ ላይ ድንጋይ እንኳ አልቆመም። በ1999 ግን የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በሕክምና ስህተት በዓመት ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰው በሆስፒታሎች ውስጥ እንደሚሞት ገምቶ ሲያወጣ፣ የሪፖርቱ ዋና ሐሳብ የዚያ "እብድ" ሐሳብ ነበር። ችግሩ በአብዛኛው ክፉ ሰው ሳይሆን ክፉ አሠራር ነው፤ አሠራር የሚታረመው ደግሞ ስህተቱ ሲጻፍ ነው።

ይህ ሀብታም አገር ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። እኛም አንድ ቦታ ላይ ጀምረነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት ሞቷ ይመዘገባል፣ ይመረመራልም። ቤተሰቧ ይጠየቃል፣ ካርዷ ይታያል፣ ከዚያ ያለ ስም ውይይት ይደረግበታል። ጥያቄው "ማን ገደላት?" ሳይሆን "የት ዘገየን?" ነው። መዘግየት ደግሞ ሦስት ነው ይላሉ። ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፤ መንገድ ላይ ለመድረስ መዘግየት፤ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት።

በእነዚህ ሦስት መስፈሪያዎች የጋሼን ሌሊት ሰፈርኩት። አንደኛው እኛ ነን፤ ከራት እስከ 8 ሰዓት ጨጓራ ነው ብለን ቁጭ አልን። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል፤ ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ አልባ ስልክ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር ተቀምጠን በዚያ ሌሊት ደውለን የምንጠራው ሰው አላወቅንም፤ የደረሰልን ባለ ላዳ ጎረቤት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክብረት አበበ የሚባል የጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛና ጠብታን መሠረተ። አንድ ሰው ቤቱን እስኪሸጥ ድረስ የጎደለን ነገር ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያስፈልግም። ሦስተኛው በሩ ነው፤ ካርዱ፣ ወንበሩ፣ ያልተነሳው ኢሲጂ፣ ያልተኛው ልጅ።

አማርኛ አንድ የሚገርም ቃል አለው። ሲጠሯችሁ የምትመልሱት ቃልና ሲበድሏችሁ የምትጮኹት ቃል አንድ ነው፤ አቤት። ከ10 ዓመት ገደማ በፊት በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ሲከፈት ከእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት "አቤት" የሚል መጠሪያ ወጣለት። ማንም ያውጣው ማን፣ ልክ ነው። ድንገተኛ ክፍል ማለት አንድ ሰው ሲጠራ ሌላው አቤት የሚልበት ቦታ ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር ሁለተኛው አቤት ይመጣል፤ የአቤቱታው። እኛ ቤት ሁለቱም አልመጡም። በሁለቱ ቦታ "ቀኑ ደርሶ ነው" ገባ።

ያንን ዓረፍተ ነገር ለረጅም ጊዜ ጠልቼው፣ በኋላ ደግሞ ይቅር ብየው ነበር። ለምን? እትዬን የሚጠብቃት መስሎኝ። ቀኑ ከደረሰ ማንም አላጠፋም፤ ሐኪሙም፣ ጥበቃውም፣ እሷም። ምሕረት ነው ብዬ አሰብኩ።

ወረቀቱን ያገኘሁ ዕለት አነበብኩላት። ጋስትራይትስ ማለት ጨጓራ ነው፣ ሐኪሙ የተሳሳተ ይመስለኛል፣ ምናልባት ልቡ ነበር አልኳት። ዝም አለች። ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤

"ታዲያ ተልባው አይደለም?"

19 ዓመት። 19 ዓመት ሙሉ ባሏን የገደለው ያጠጣችው ተልባ ይሆን እያለች ኖራለች። ለማንም ሳትናገር። ማንም ስላልመረመረ፣ ማንም ስላልጻፈ፣ ማንም መጥቶ "እንዲህ ነው የሆነው" ስላላላት፣ ጥፋቱን ብቻዋን ተሸከመችው። ያ ምሕረት ያልኩት ዝምታ ለሆስፒታሉ ምሕረት ሆኖ ይሆናል፤ ለእሷ አልሆነም። ምናልባት ለዚያ ልጅም አልሆነም፤ ጋሼ መሞቱን ማን ነግሮት? ዛሬ ትልቅ ሐኪም ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሌሊት የሚማረውን ግን እኛም፣ አለቆቹም አልሰጠነውም።

"አይደለም እትዬ" አልኳት። "ተልባ ልብ አያቆምም።"

ወረቀቱን መልሼ ኪሱ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዘችኝ። "አንተ ጋ ይሁን" አለችኝ። "ጻፈው።"